ምስክር ያጣችው ቃል

ይህ የማጫውታችሁ ነገር የጀመረው ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ አምቦ ውስጥ፣ በአንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት በረንዳ ላይ ነው። ያለቀው ሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። በመሃሉ ያለፉት ቀናት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከዚያ በፊት የነበረችውን ሰብለን፣ ማለትም ራሴን፣ ዛሬ መንገድ ላይ ባገኛት ግን ሰላም ልላት ስል አንገቷን ደፍታ እንደምታልፈኝ እርግጠኛ ነኝ።

ያኔ ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር። ደብረ ብርሃን ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። በውሃ ምህንድስና ተመርቄ አምቦ በሚገኝ አንድ የቴክኒክ ኮሌጅ በአሰልጣኝነት ተቀጠርኩና አንዲት ክፍል ተከራይቼ መኖር ጀመርኩ። በትምህርቴ ጎበዝ ነበርኩ፤ ይህን ስል አላፍርም። ችግሬ አንድ ብቻ ነበር። የማውቀውን ነገር ሰው ፊት ቆሜ መናገር አልችልም። ሁለት ሰው ካየኝ ድምፄ ይቀንሳል፤ አምስት ሰው ካየኝ ይጠፋል።

ለአሰልጣኝ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል። አዲስ ተቀጣሪ የሙከራ ጊዜው ሳያልቅ በክፍሉ ኃላፊና በሁለት ባልደረቦች ፊት ለተማሪዎች አንድ ትምህርት ያስተምራል፤ እነሱ ከኋላ ቁጭ ብለው ይመዝኑታል። እኔ የመጀመሪያውን አቅርቤ ወድቄያለሁ። ስለ ከርሰ ምድር ውሃ ሠላሳ ሁለት ስላይድ አዘጋጅቼ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ፣ ሠላሳ ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ አነበብኳቸው። የክፍላችን ኃላፊ አቶ ደረጀ ብዙ የማይናገሩ፣ ሰው ሲያቀርብ ከወረቀታቸው ቀና የማይሉ ሰው ነበሩ። የሰጡኝ አስተያየት አንድ መስመር ነበር፤ «ታነባለች እንጂ አታስረዳም።»

ሁለተኛውና የመጨረሻው ዕድሌ ሰኞ ስምንት ሰዓት ላይ ነበር። እሱም ከከሸፈ ውሌ አይታደስም፤ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ ደብረ ብርሃን ወንድሜ ቤት መመለስ ነው። ወንድሜ ደግሞ «አልነገርኩሽም ነበር?» ለማለት ከሄድኩበት ቀን ጀምሮ ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ሰው ነው።

እንግዲህ ዓርብ ጠዋት ያቺን የሠላሳ ሁለት ስላይድ የመከራ ማስታወሻ ላሳትም ፍላሽ ዲስኬን ይዤ ወደ ጫልቱ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድኩ። ጫልቱ ሳቋ ከማተሚያ ማሽኗ የሚጮህ፣ የአካባቢውን ሰው ሁሉ በስሙ የምታውቅ ሴት ናት። ፍላሼን ተቀብላ ገና ኮምፒውተሩ ላይ ስትሰካው መብራት ሄደ።

«ጠብቂ፣ ይመጣል» አለችኝ፤ መቼ እንደሚመጣ ግን አልነገረችኝም። እኔም ለመጠበቅ ወደ በረንዳው ወጣሁ። እዚያ ነው ሰሌዳውን ያየሁት።

በረንዳው ላይ አሮጌ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል። ከላይ በትልቁ «የዛሬው ርእስ፦ ውሃ» ይላል። ከሥሩ በጠመኔ የተሠራ መስቀለኛ ቃላት አለ፤ አግድምና ቁልቁል የተሰደሩ ትንንሽ ባዶ ቤቶች፣ በስተቀኝ ደግሞ ፍንጮቹ። ሰባት ስምንት ሰው በዱካና በለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ያያል። አንዱ ይነሳል፣ አንድ ቃል ይጽፋል፣ እጁን አራግፎ ይቀመጣል።

የሰሌዳውን ታሪክ የሰማሁት በኋላ ነው፤ ለእናንተ ግን አሁኑኑ ልንገራችሁ። ጫልቱ ጄኔሬተር የላትም፤ ጎረቤቷ አለው። መብራት በሄደ ቁጥር ደንበኞቿ ወደ ጎረቤቷ ይሻገሩባት ነበር። የቀድሞ አስተማሪዋ ኦቦ ለሚ ይህን አይተው ሰሌዳውን አመጡላት። ኦቦ ለሚ ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ባርኔጣቸውን ቤት ውስጥም የማያወልቁ ሽማግሌ ናቸው። በየቀኑ በአንድ ርእስ ዙሪያ አዲስ እንቆቅልሽ ይሠሩና ጠዋት ይሰቅሉታል። አንድ ቀን ገበያ፣ አንድ ቀን መንገድ፣ አንድ ቀን ሠርግ። ከዚያ ወዲህ መብራት ሲሄድ ሰው ከጎረቤት ወደ ጫልቱ መሻገር ጀመረ፤ ጎረቤትየውም ጄኔሬተሩን አጥፍቶ ይመጣል።

እኔ ግን በዚያን ሰዓት ይህን አላውቅም፤ ሰሌዳውን ሳይ ትዝ ያለኝ አባቴ ነው። አባቴ ጋዜጣ ሲገዛ መጀመሪያ የሚገልጠው የመስቀለኛ ቃላቱን ገጽ ነበር። እኔ ከጎኑ ቁጭ ብዬ እርሳሱን ተቀብዬው እሞላለሁ፤ ሁለታችንም አንድ ቃል አንተነፍስም። በሕይወቴ ከማውቃቸው ጨዋታዎች ሁሉ መናገር የማይጠይቀው እሱ ብቻ ስለነበር እወደው ነበር።

ሰሌዳው ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ከሁለት ቃል በቀር ሁሉም ተጽፏል። የባኮ መስመር ሾፌር የሆነው ጉታ ተነሳና ከሁለቱ አንዱን ሞላ። የቀረችው አንዲት ባለ ሦስት ቤት ቃል ናት፤ ቁልቁል የምትወርድ። መሃሏ ላይ «ን» ተቀምጣለች፤ አግድም ከተጻፈው «ደንዲ» ከሚለው የሐይቅ ስም የመጣች ናት። ፍንጩ፦ «ቧንቧችን ሲደርቅ ጄሪካን ይዘን የምንሄድበት።»

ማንም አልተነሳም። አምስት ደቂቃ አለፈ፤ አሥር ደቂቃ አለፈ። ሰዎቹ ስለ ጤፍ ዋጋ ያወራሉ፤ አንዱ ጥርሱን ይጎረጉራል። ሁሉም ቃሏ የጠፋችባቸው መሰለኝ። ምስኪኖች ብዬ አዘንኩላቸው። ተነሳሁ፤ ጠመኔውን አነሳሁ፤ «ወንዝ» ብዬ ጻፍኩ።

ወሬው ቆመ። ጫልቱ ከውስጥ አንገቷን ብቅ አድርጋ «ማነው የዘጋው?» አለች። ጉታ በጣቱ አሳያት። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ፤ አንዱ የተቀመጠበትን የለስላሳ ሳጥን ገልብጦ ሰሌዳው ሥር አስቀመጠልኝ።

ለካ የቤቱ ወግ እንዲህ ነው። የመጨረሻዋን ቃል የጻፈ ሰው ሳጥኑ ላይ ይወጣና ሰሌዳውን በሙሉ፣ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ያስረዳል። ማስረዳት ብቻም አይበቃም። ለእያንዳንዱ ቃል ነገሩን በዓይኑ ያየ ወይም በእጁ የሠራ አንድ ምስክር ከተቀመጡት መሃል ተነስቶ «ዱጋ ነው» ማለት አለበት፤ ዱጋ በኦሮምኛ እውነት ማለት ነው። ስለዚህ የመጨረሻዋን ቃል ማንም ዘሎ አይጽፋትም። ሁሉም እያወቃት ትቀመጣለች፤ ኦቦ ለሚ አንድ ሰው እስኪጋብዙ ድረስ። እኔ ነኝ ምስኪኗ።

«ውጪ እንጂ፣ ልጄ» አሉኝ ኦቦ ለሚ።

ወጣሁ። ባልወጣ ይሻለኝ ነበር። ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዞርኩ። የመጀመሪያውን ቃል «ጉደር» ብዬ አነበብኩ። ሁለተኛውን «በረዶ» ብዬ አነበብኩ። ሦስተኛውን «ራዲያተር» ብዬ አነበብኩ። ኦቦ ለሚ በትሕትና አስቆሙኝ።

«ማንበብማ ሁላችንም እናነባለን» አሉ። «አስረጂን።»

ይህች ነገር ከአቶ ደረጀ ወረቀት ላይ የማውቃት ናት። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ጉታ አዘነልኝ መሰለኝ ከተቀመጠበት ተነሳ። «ራዲያተሩን እኔ ልመስክርላት» ብሎ፣ ከባኮ ቆላ ተነስቶ ወደ እጃጂ ሲወጣ ሞተሩ እንዴት እንደሚግል፣ ተሳፋሪው እንዴት ከየመጠጫው ውሃ አዋጥቶ እንደሚያጠጣለት ተረከ። አንድ የእጃጂ ገበሬ ስለ በረዶው ተነሳ፤ በአንድ ከሰዓት ስንዴው እንዴት እንደተኛበት እጁን መሬት ላይ እየዘረጋ አሳየ። እኔ ሳጥኑ ላይ ቆሜ እነሱ አስረዱልኝ። በመጨረሻ የእኔ ቃል ላይ ደረስን።

«ወንዝ» አሉ ኦቦ ለሚ። «ቧንቧ ሲደርቅ ከሁሉቃ ነው የምትጠጪው?»

በረንዳው በሳቅ ፈረሰ። ሁሉቃ ከተማውን አቋርጦ የሚያልፈው ወንዝ ነው፤ ልብስ ይታጠብበታል፣ መኪና ይታጠብበታል። እኔም ብሆን ከሱ ጠጥቼ አላውቅም። ታዲያ ከየት ነው የምጠጣው? የምኖርበት ግቢ ውስጥ አንድ በርሜል አለ። ሁልጊዜ ሙሉ ነው። አከራዬ አዴ ብርቄ ናቸው የሚሞሉት። ከየት እንደሚያመጡት በአምስት ወር ውስጥ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። እኔ፣ የውሃ አሰልጣኟ።

«ከየት እንደሆነ... አላውቅም» አልኩ። ከዚያ ቀን በፊት ይህችን ቃል ሰው ፊት ተናግሬያት አላውቅም ነበር። ይሳቁብኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልሳቁም። ኦቦ ለሚ መሃረባቸውን አውጥተው ወንዝ ያልኩትን ጠረጉት፤ «ን»ን ብቻ ተዉልኝ።

«ጥሩ ነው» አሉ። «ያላወቀ ሰው መልሱን ከምስክር ጋር ይዞ እስኪመጣ ሰሌዳው አይጠረግም። ነገ እንጠብቅሻለን።»

መብራቱ መጣ። ጫልቱ ሠላሳ ሁለቱን ገጽ አትማ ሰጠችኝ። «አይዞሽ፣ እኔም መጀመሪያ ቀን አልቅሻለሁ» አለችኝ። እውነቷን ይሁን ልታጽናናኝ አላውቅም።

ማታ ማስታወሻዬን ዘርግቼ መሸምደድ ነበረብኝ። አልቻልኩም። ዓይኔ ከመስኮቱ ውጪ በርሜሉ ላይ ነው። በመጨረሻ ሄጄ የአዴ ብርቄን በር አንኳኳሁና ነገ ውሃ ሲቀዱ አብሬያቸው ልሂድ ብዬ ለመንኳቸው። ካልሲዬን፣ ነጠላ ጫማዬን፣ ከዚያ ፊቴን አዩኝ። «ምን ሆነሽ ነው?» አሉኝ። የሰሌዳውን ነገር ስነግራቸው ግድግዳ ተደግፈው ሳቁ።

ቅዳሜ ገና ጎህ ሲቀድ አዴ ብርቄ ቢጫ ጄሪካን አስይዘውኝ ወጣን። ከሠፈሩ በታች ባለው ቁልቁለት፣ በባሕር ዛፎቹ መሃል ጥቂት ወርደን ከአንድ ኮረብታ ግርጌ ደረስን። ከድንጋዩ ሥር ንጹሕ ውሃ በቀጭኑ ይወርዳል። ሴቶች ተሰልፈዋል። አዴ ብርቄ «አካም ቡልተን?» እያሉ ሰላምታ ሲለዋወጡ እኔ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆሜ በልቤ ቤቶቹን እቆጥራለሁ፤ ም፣ ን፣ ጭ። ምንጭ። ሦስት ቤት፣ መሃሉ «ን»።

ተራችን እስኪደርስ አዴ ብርቄ የምንጩን ጠባይ አጫወቱኝ። ክረምት ዝናቡ ሲወርድ ምንጩ ወዲያው አይጨምርም አሉ። ዝናቡ አቁሞ፣ መስቀል አልፎ፣ ሰው ሁሉ ዝናቡን ከረሳው በኋላ ነው የሚበረታው። በበጋ ይቀጥናል እንጂ ደርቆ አያውቅም። «አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ እስቲ ንገሪኝ፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። «ለምንድነው የሚዘገየው?»

ይህ ጥያቄ ማስታወሻዬ ላይ አሥራ ዘጠነኛው ስላይድ ነው። ትርጉሙን ከነነጥቡ በቃሌ እወጣዋለሁ። አፌን ከፈትኩና ልጀምር ስል አዴ ብርቄ ዓይን ዓይኔን እያዩኝ ነበር፤ አሥራ ዘጠነኛው ስላይድ ለእሳቸው መልስ እንደማይሆን ገባኝ። ቁጢጥ አልኩ። የጄሪካኑን ክዳን ገልብጬ ጭቃ ጠቀጠቅሁበት፤ በላዩ ጠጠርና አሸዋ ሞላሁበት፤ በጎኑ በኩል ከጭቃው ከፍ ብላ ትንሽ ቀዳዳ ነበረችው። ከላይ ቀስ አድርጌ ውሃ አፈሰስኩ። ዝናቡ ይኸው፣ አልኳቸው፤ ኮረብታው ይኸው። ውሃው በጠጠሩ መሃል እየሾለከ ይወርዳል፤ ጭቃው ላይ ሲደርስ መንገድ ያጣል፤ በጎን መውጫ ይፈልጋል። አብረን ቀዳዳዋን ማየት ያዝን። ሰልፉ ውስጥ ያሉት ሴቶችም አጎንብሰው ይጠብቃሉ። ከቆይታ በኋላ አንዲት ጠብታ ወጣች።

አዴ ብርቄ እጃቸውን አጨበጨቡ። «እንዲህ ነዋ! እኛ ላይ የሚዘንበውን ኮረብታው እያስቀመጠልን ነው ለካ።»

ያን ጊዜ አንድ ነገር ልብ አልኩ። ስምንት ሴቶች ዙሪያዬን ቆመው እያዩኝ ነው። ድምፄ ግን አለ። መቼ እንደተመለሰ አላወቅሁም። ውሃዬን ሳይሆን ደስታዬን ይዤ ወጣሁ ብል ይሻላል፤ ጄሪካኑ ክዳኑ በጭቃ ስለተበላሸ ግማሹን መንገድ ላይ ደፍቼዋለሁ።

ረፋድ ላይ አዴ ብርቄን ይዤ ጫልቱ ጋ ደረስኩ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ፍርድ ቤት እንደሚሄድ ሰው ኮስተር ብለው መጡልኝ። ሳጥኑ ላይ ወጣሁ። ስለ ጉደር ፏፏቴ፣ ስለ በረዶ፣ ሁለት ሆኖ በአንድ አንገት ስለተያያዘው የደንዲ ሐይቅ፣ አንድ በአንድ ጠየቅሁ፣ ሰማሁ፣ መልሼ አስረዳሁ። የማላውቀው ላይ ስደርስ «ይህን ማን ያውቃል?» እላለሁ። መጨረሻ ላይ «ምንጭ» ብዬ ጻፍኩና ወደ አዴ ብርቄ ዞርኩ።

«ዱጋ ነው» አሉ ተነስተው። «አርባ ዓመት ቀድቻለሁ። እሷም ዛሬ ቀድታለች፤ ግማሹን ደፍታዋለች።»

ሰሌዳው ተጠረገ። ኦቦ ለሚ ጠመኔውን ከእጄ ሲቀበሉ ባርኔጣቸውን አወለቁልኝ። ጫልቱ በኋላ እንደነገረችኝ ራሰ በራ መሆናቸውን ያን ቀን ነው ያወቀችው።

ሰኞ ስምንት ሰዓት ሆነ። ሃያ ያህል ሠልጣኞች ተቀምጠዋል። አቶ ደረጀ ከሁለቱ ባልደረቦች ጋር ከኋላ ናቸው፤ ወረቀታቸው ተዘርግቷል፤ ዓይናቸውም ወረቀቱ ላይ ነው። ፕሮጀክተሩን አበራሁ። አልዋሻችሁም፣ ቅዳሜ የተመለሰው ድምፄ ሰኞ መልሶ ጠፍቶ ነበር። የመጀመሪያውን ስላይድ ማንበብ ጀመርኩ። የራሴን ድምፅ ራሴም አልሰማውም። ሦስተኛው ስላይድ ላይ ስደርስ መብራት ሄደ።

አቶ ደረጀ ሰዓታቸውን አዩ። «ይበቃናል፤ ባለው እንወስናለን» አሉ፤ ባልደረቦቹም ወረቀታቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። ባለው ማለት ሦስት ስላይድ ማለት ነው። ደብረ ብርሃን ታየኝ። ወንድሜ በር ላይ ቆሞ ታየኝ።

ከዚያ በዚያ ቀውጢ ሰዓት ሳቄ መጣ። መብራት ሲሄድ እኮ ነው የሚጀመረው። ይህን ከጫልቱ በቀር ማንም አላስተማረኝም።

«ካልከበዳችሁ ተቀመጡልኝ» አልኩ። «አሁን ልጀምር ነው።»

ጠመኔ አነሳሁና ጥቁር ሰሌዳው ላይ ኮረብታ ሣልኩ። በሆዱ ንብርብሮቹን አሰመርኩ፤ ለየንብርብሩ ስም ባዶ ቤቶች ሠራሁለት። ከግርጌው ሦስት ቤት ሠርቼ ፍንጩን ጻፍኩ። ቧንቧችን ሲደርቅ ጄሪካን ይዘን የምንሄድበት። ከዚያ የጨዋታውን ወግ ነገርኳቸው፤ ማንም መጽሐፍ ውስጥ ያነበበውን እንዳይነግረኝ፣ ያየውን ብቻ ተነስቶ «ዱጋ ነው» ብሎ እንዲመሰክር። ዝምታ ሆነ። እኔ ግን ዝምታውን አልፈራሁትም፤ የጄሪካኑን ጠብታ እንደጠበቅሁ ጠበቅሁት።

አንዲት የጊንጪ ልጅ እጇን አወጣች። ቤታቸው ጉድጓድ ሲቆፈር መጀመሪያ ጥቁር አፈር፣ ከዚያ ገመዱ እየረዘመ ሲሄድ ሌላ ቀለም ያለው ድንጋይ፣ ከዚያ እርጥበት እንደወጣ ተናገረች። ንብርብሮቹ ተሞሉ። አንዱ የባኮ ልጅ የእነሱ ጉድጓድ በየትኛው ወር እንደሚቀንስ ተናገረ። ክፍሉ ሞቀ፤ ሁለቱ ተከራከሩ፤ እኔ መሃል ገብቼ ለምን እንደተለያዩ አስረዳሁ። ሠላሳ ሁለቱ ስላይድ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበር፤ አንዱንም ግን አላነበብኩም።

የቀረችው ባለ ሦስት ቤቷ ናት። ሁሉም ምንጭ መሆኗን ያውቃል። ምስክር ግን ጠፋ። ሠልጣኞቹ ከሌላ ከተማ የመጡ ተከራዮች ናቸው፤ እንደ እኔው በርሜሉን እንጂ ምንጩን አያውቁም። የሠፈራችንን ምንጭ አነሳሁ፤ የት እንዳለ ነገርኩ፤ ከዝናቡ በኋላ እንደሚዘገይ ተናገርኩ። «ምስክር ያለው?» አልኩ። ማንም የለም። ቃሏን ያለ ምስክር ልተዋት ጠመኔውን ላስቀምጥ ስል ከኋላ ወንበር ተንቀሳቀሰ።

አቶ ደረጀ ቆመዋል። ብዕራቸው ጠረጴዛው ላይ ነው።

«እዚያ ሠፈር ነው ያደግሁት» አሉ። «እናቴ በየማለዳው የምትልከኝ እኔን ነበር። ከመስቀል በኋላ ነው የሚበረታው።» ከዚያ ለራሳቸው የሚናገሩ በሚመስል ድምፅ ጨመሩ። «ለምን እንደሆነ ዛሬ ገባኝ። ዱጋ ነው።»

አለቀስኩ። ሠልጣኞቹ ፊት፣ ጠመኔ በያዘ እጄ ዓይኔን እየጠረግሁ አለቀስኩ፤ ፊቴ ነጭ ሆኖ እንደነበር ከክፍል ወጥቼ በረንዳዋ ላይ ስደርስ ጫልቱ ነች የነገረችኝ።

ይህን ለምን እንደማጫውታችሁ ልንገራችሁና ልጨርስ። እኔ መናገር የማልችል ሰው ነኝ ብዬ ሃያ አምስት ዓመት ኖርኩ። ችግሬ አፌ አልነበረም። ባዶውን ቤት ሞልቼ ቶሎ መቀመጥ ነበር የለመድኩት፤ የሞላሁት ነገር በማን እጅ እንደተቀዳ ጠይቄ አላውቅም። እናንተም ሰው ፊት ስትቆሙ ጉልበታችሁ የሚርድ ከሆነ፣ ብቻዬን ነው የማስረዳው ብላችሁ እንደሆነ እስቲ አስቡት። እኔ ዛሬም ክፍል ስገባ ትንሽ እፈራለሁ። ነገር ግን የማላውቀው ላይ ስደርስ «ይህን ማን አይቷል?» እላለሁ፤ ሁልጊዜም አንድ ሰው አይቶት ይገኛል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ በጫልቱ በረንዳ አልፋለሁ፤ የመጨረሻዋን ቃል ግን ሳልጋበዝ አልነካትም። አዴ ብርቄም ቅዳሜ ቅዳሜ ጄሪካኑን ያስይዙኛል፤ ክዳኑን ራሳቸው ነው የሚይዙት።

የመጀመሪያው የአስተያየት ወረቀት ክፍሌ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። አቶ ደረጀ ያን ሰኞ አዲስ ወረቀት አላወጡም፤ ያንኑ አሮጌውን አምጪ ብለው ተቀበሉኝና «ታነባለች እንጂ አታስረዳም» ያሏትን በአንድ መስመር ሰረዟት። ከሥሯ የጻፉት ይህን ነው፤ «ታስረዳለች። ምስክር፦ እኔ።»